ለሞኞ የምትጠረጥረው አክስቴ

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ዕቃ ስትበረብር የኖረች ሴት። ሌባ እንዳትመስላችሁ፤ ሥራዋ ነው። ወደቡ ዳር ከተደረደሩት መጋዘኖች የመጨረሻው ውስጥ አንዲት ክፍል አለቻት። መስኮቷ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ነው፤ በሯም ሥሩ ክፍተት እንዳይኖር ጎማ ተመትቶበታል። ወደ ደሴቱ የሚሄድ ነገር ሁሉ እዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ይዘረገፋል። ዱቄቱ ይነፋል፣ ድንቹ አንድ በአንድ ይገላበጣል፣ ካልሲው ውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የጫማው ሶል በቢላ ጫፍ ይፋቃል። የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ፕሮፌሰርም ይሁን ወዛደር፣ ከሰላምታ በፊት «አራግፉ!» ስለምትለው፣ ወደቡ ላይ እውነተኛ ስሟ ጠፍቶ «እትዬ አራግፉ» ተብላ ቀርታለች።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት የፈጠረችው እሷ ናት ብትሉኝ አምናችኋለሁ። ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲያስነጥስ «ደሞ ከማን ጋር ቆመህ ስታወራ ነው ብርድ የመታህ?» ትለው ነበር። ሐኪም ፈገግ ካለላት በሽታ ደብቋታል፤ ኮስተር ካለባትም ደብቋታል። እኔ ስታጭ እጮኛዬን ቤት ይዤው ብመጣ፣ እናቴ እጁን ስትጨብጠው የአክስቴ ዓይን ቦርሳው ላይ ነበር። ልጁ ጨንቆት ራሱ ከፈተላት። ውስጡ ፎጣና አንድ ብርቱካን ነበረ። ብርቱካኑን አገላብጣ፣ አሽትታ መለሰችለት። ባሌ እስከ ዛሬ እሷ ባለችበት ቦርሳ አይዝም።

ነገሩ ቢያናድድም ምክንያት አለው። ከወደባችን በጀልባ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ዛሬ ከአንድ ጠባቂ በቀር ሰው የማይኖርበት ደሴት አለ። ድሮ ድሮ እዚያ አራት እግር ያለው ፍጥረት የሚባል አልነበረም፤ ወፍ ብቻ ነበር። ዛፍ ስለሌለ ወፎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት መሬት ላይ፣ ከቁጥቋጦና ከድንጋይ ሥር ነው። ከመካከላቸው አንዷ የሚያሳድዳት ስላልነበረ መብረርን ከነጭራሹ ትታዋለች፤ ክንፏም አጥሮ ቀርቷል። ሰው ሲጠጋት አትሸሽም። አንገቷን ዘመም አድርጋ ታየዋለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። የጥንት መርከበኞች «ሞኞ» ብለው ጠሯት፤ ስሙ ጸናባት።

አክስቴ የዚህን ደሴት ታሪክ የምትነግራችሁ እንደ ወንጀል ምርመራ ነው። «አይጥ አትበርም። ያን ሁሉ ባሕርም አትዋኝም። ደሴት ላይ አይጥ ከተገኘች ያመጣት ሰው አለ» ብላ ትጀምራለች። መጀመሪያ የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ሊጭኑ የመጡ መርከቦች ገመዳቸውን ከዓለቱ ጋር አሰሩ፤ አይጦቹ በገመዱ ተንሸራተው ወረዱ። ወረዱና ተራቡ። እንቁላሉን ሲጨርሱ ወደ ጫጩቱ፣ ጫጩቱን ሲጨርሱ ወደ እናቲቱ ዞሩ። ሞኞ ደግሞ አንዴ ከታቀፈች ከነሕይወቷ እየተቆረጠመችም ቢሆን እንቁላሏን ትታ አትነሳም። እዚህ ላይ ስትደርስ አክስቴ ሁልጊዜ ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች።

የኩስ ጫኞቹ ነገሩ የገባቸው የራሳቸው ዳቦ ሲበላ ነው። አይጥ እንዲይዝላቸው ድመት አመጡ። ድመቶቹ ለጥቂት ጊዜ አይጥ ያዙ። በኋላ ግን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሥጋ እያለ የሚሮጠውን ማን ያባርራል? ወደ ሞኞ ዞሩ። አንዱ መርከበኛ ደግሞ «መርከቤ ቢሰበር የምበላው አላጣም» ብሎ ፍየል ለቀቀ፤ ፍየሎቹ ቁጥቋጦውን እስከ ሥሩ ጋጡት፣ ለጎጆ መደበቂያ ጠፋ። «ከነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ክፉ አልነበሩም እኮ» ትላለች አክስቴ። «ሁሉም ለችግሩ የምትሆን ትንሽ ነገር ነው የያዘው። እኔ ሌባ አልፈራም። የምፈራው ትንሽ ነገር የያዘ ደህና ሰው ነው።»

እኔ ልጅ ሳለሁ የወፍ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ደሴቱን ለማጽዳት ተነሳ። ፍየሎቹ ተለቅመው ወጡ፣ ድመቶቹ ተያዙ፣ ለአይጦቹ መርዝ በየጥሻው ተበተነ። አንዲት ያረገዘች አይጥ ካመለጠች ድካሙ ሁሉ ገደል ነው፤ ስለዚህ ሰዎቹ ዓመታት ፈጅተው፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተሳቡ ጨረሱት። ሞኞ ያኔ በምዕራቡ ዳገት ላይ ብቻ ተርፋ ነበር። እሷም ቀስ በቀስ ማንሰራራት ጀመረች። የፍተሻ ክፍሏ የተከፈተችውና አክስቴ የተቀጠረችው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ደሴቱን እንድታይ ወሰዷት። ስትመለስ ድምጿ ተለውጦ ነበር። «መጥታ ጫማዬ ላይ ቆመችብኝ» አለችን። «ምን ዓይነት ፍጥረት ናት? ምንም አትጠረጥርም! በቃ፣ እኔ እጠረጥርላታለሁ።»

አባቴ ባለጀልባ ነበር። ለደሴቱ ጠባቂ ስንቅና ዕቃ የሚያመላልሰው እሱ ነው። እሱና አክስቴ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያየ ሁሉ ይገረማል። አባቴ የተባለውን ያምናል። ዓሣ ነጋዴው «የዛሬ ነው» ካለው የዛሬ ነው፤ ቤት ገብቶ ቢሸት «መንገድ ላይ ሙቀት ነክቶት ነው» ብሎ ይከራከርለታል። እናቴ ስትናደድበት «ሁለተኛው ሞኞ» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ጀልባዋን ግን አትንኩበት። በገዛ እጁ ቀለም የሚቀባት፣ በገዛ እጁ የሚደፍናት፣ እኛን አስተምሮ ለወግ ማዕረግ ያበቃባት ጀልባ ነበረች።

አንድ ቀን ጠዋት የደሴቱ ጠባቂ በሬዲዮ ተጣራ። በደሴቱ ዙሪያ የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀላቀለበት የሰም ቁራጭ ተተክሏል፤ አይጥ ካለች ሳትነክሰው አታልፍም፣ የጥርሷንም ምልክት ትታ ትሄዳለች። ሰሙ ተነክሶ ነበር። በማግስቱ ጠባቂው ዳገቱ ላይ አፉ በጥርስ የተከረከመ የሞኞ እንቁላል አገኘ። ጊዜው ደግሞ ወፎቹ ሁሉ የታቀፉበት ጊዜ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ታመሰ። ኃላፊው፣ አዲስ የተሾመ ጎልማሳ፣ አክስቴን አስጠርቶ በየት እንደገባች ጠየቃት። አክስቴ አላመነታችም። «መንገዷ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ በዕቃ ወይ በጀልባ። ዕቃውን እኔ በእጄ አገላብጬዋለሁ። ስለዚህ በጀልባው ነው» አለች። ጀልባው የማን እንደሆነ ኃላፊውም እሷም ያውቃሉ። ይህን ስትል ፊቷ አልተለወጠም አሉ። እኔ ግን ማታውን ሳትተኛ እንዳደረች እርግጠኛ ነኝ።

በማግስቱ ለአባቴ ምሳ ይዤ ወደብ ወርጄ ነበር። አክስቴ ባትሪዋን ይዛ ጀልባው ላይ ወጣች።

«ምነው እታለም፣ ምን ጠፋ?» አላት አባቴ።

«የጠፋ የለም። የገባ ነው ያለው። እስቲ የወለሉን ሳንቃ አንሳልኝ።»

አባቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ስታፈጥበት ሳንቃውን አነሳላት። በሆዷ ተኝታ ገባችና ስትወጣ አንድ እፍኝ የፈሰሰ ሩዝና ጫፉ የተቀደደ ከረጢት ይዛለች።

«ይሄስ?»

«ምሳዬ ነዋ! ማዕበል ሲያናውጠን ይደፋል።»

«ከረጢቱን ማን ቀደደው?»

«እኔ እንጃ፣ አርጅቶ ይሆናል።»

«አርጅቶ! ደሴቱ ጋ ስታድር አይጥ በገመዱ እንዳታልፍ ቆርቆሮውን ታጠልቅበታለህ?»

«መቼም ረስቼ አላውቅም።»

«ማን አየ?»

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ፣ ከቆምኩበት።

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አለችኝ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ። ቆሽቴ አረረ። እኔን ለተናገረችኝ አልነበረም፤ አባቴ በገዛ ጀልባው ላይ፣ የሰረቀ ተማሪ ይመስል እጁን አጣምሮ ቆሞ ስላየሁት ነው።

ኃላፊው የአባቴ ጀልባ ነገሩ እስኪጣራ ደሴቱም ጋ ወደቡም ጋ እንዳይደርስ አገደ። የሚያጣራ ግን አልነበረም። የገዛ እህቱ መስክራበት ሌላ ምን ይጣራል? ባዕድ ቢከሰው ኖሮ ግማሹ ወደብ ይሟገትለት ነበር። አሁን ግን ለዓመታት ጎን ለጎን የቆሙ ባለጀልባዎች ጀልባቸውን ፈቀቅ አደረጉ። ያ ሲያታልለው የኖረው ዓሣ ነጋዴ እንኳ፣ ተመልከቱ እንግዲህ፣ «ድሮም ያ ሰውዬ ዝምታው አያምረኝም ነበር» አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

አባቴ አልተቆጣም። ይህ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ። «እሷ ያላየችው ነገር የለም፤ አንድ ነገር ብታይ ነው» ይል ነበር። ጀልባዋን አሸዋ ላይ አውጥቶ፣ ሳንቃዎቿን ነቅሎ፣ ባዶ ሆዷን እያየ ይውላል። «እኔ ሳላውቅ ገብታ ይሆን?» ይለኛል። በመጨረሻ፣ ሥራ አጥቶ የምንበላው ሲያልቅ ሸጣት፤ አንድ ጠዋት ገዢ መጣና ወሰዳት። አባቴ ገመዱን ራሱ ፈትቶ ሰጠው፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እናቴ አለቀሰች። እኔ አክስቴን መንገድ ላይ ሳያት መንገድ መቀየር ጀመርኩ፤ እሷም ቤታችን መምጣት ተወች።

የደሴቱ ጠባቂ በበኩሉ አይጧን ማሳደዱን ቀጥሎ ነበር። ተጨማሪ ወጥመድ ላኩልኝ አለ። ወጥመዶቹ የእንጨት ሳጥኖች ናቸው፤ አይጥ የምትገባበት ቀዳዳ አላቸው፣ ውስጣቸው የኦቾሎኒ ቅቤ ይቀባል። ድንገት ሲፈለጉ ሳይዘገዩ እንዲሄዱ፣ ተቀብተው ተዘጋጅተው በፍተሻ ክፍሏ ጓዳ ይደረደራሉ። አይጧን የሚይዘው ሽቦ የሚወጠረው ግን ደሴቱ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይራገፋል፤ የወጥመድ ሳጥን ግን ከጓዳ ቀጥታ ወደ ጀልባ ነው። የቤት ዕቃ ነዋ! አክስቴ ራሷ አጥባው፣ ራሷ ቀብታው፣ ራሷ የደረደረችው ነው። ከራሷ ዕቃ ውስጥ ምን ትፈልጋለች?

የዚያን ቀን ታችኛውን ሳጥን ስትስብ ጥጉ ተግጦ አየች። ክዳኑን ከፈተች። ጓዳው ውስጥ ተሰቅሎ የኖረው አሮጌ ሰማያዊ የሥራ ካፖርቷ ተተልትሎ፣ ተዳምጦ፣ ጎጆ ተሠርቶበታል። ጎጆው ውስጥ ዓይናቸውን ያልገለጡ፣ ቀያይ የአይጥ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ።

መጀመሪያ ያሰበችው ምን እንደሆነ ኋላ ራሷ ነግራኛለች። «ማነው ያስቀመጠብኝ?» ነበር ያለችው። በሩን ቆለፈች። ማን እንደሚጠላት፣ ማን ሥራዋን እንደሚመኝ አወጣች አወረደች። የጓዳው ቁልፍ ግን ያለው እሷ አንገት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ስታነሳ፣ ከኋላቸው የውሃ ቧንቧው በሚገባበት ግድግዳ ላይ የተቦረቦረ ቀዳዳ አገኘች። የወደብ አይጥ ሽታውን ተከትላ ገብታለች። ጨለማ ቤት፣ የተቀባ ቀለብ፣ የሚነካት የለም። እንዲያውም ጀልባ ያሳፍሯታል። አይጥ ሲይዝ የኖረ መሥሪያ ቤት ካልሆነ ማን እንዲህ ዓይነት ስህተት ይሠራል? ሌላው ሰው ለአይጥ ቤት አይሠራም።

ሳጥኑን አቅፋ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች። «አይጧን ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለችው።

ኃላፊው ውስጡን አይቶ በሩን ዘጋ። «እትዬ፣ ይቀመጡ። ማን ያውቃል ይህን?»

«እኔና እርስዎ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ጉዳዩ እኮ ተዘግቷል። ይህ ቢወራ የሚዋረደው መሥሪያ ቤቱ ነው። ቀዳዳውን እናስደፍናለን፣ ሳጥኖቹን ከዛሬ ጀምሮ ይፈትሿቸዋል፣ አለቀ።»

«ወንድሜስ?»

«ወንድምዎማ ጀልባውን ሸጠው የለ እንዴ! አሁን ምን ይጠቅማቸዋል?»

አክስቴ ጀልባው መሸጡን አልሰማችም ነበር። የወደቡን ሰው ሁሉ ስትጠረጥር ማንም ወሬ አይነግራትም። ሳጥኑን አንስታ ወጣች። ኃላፊው «እትዬ! እትዬ!» እያለ ደረጃው ድረስ ተከተላት። እሷ ቀጥ ብላ ባለጀልባዎቹ ወደተሰበሰቡበት ወረደች፤ ጮኸችም። «ስሙኝ! አይጧ የወጣችው ከኔ ጓዳ ነው። ወንድሜ ንጹሕ ነው፤ አጥፊዋ እኔ ነኝ!»

ምን አሏት መሰላችሁ? «ለወንድሟ ብላ ነው» አሉ። «ደም ውሃ አይሆን፤ አዘነችለትና ልታወጣው ነው» ተባባሉ። ሲያዩባት የኖሩት መጠርጠርን ነው፤ ደህና አድርገው ተምረውታል። እያንዳንዳቸው ሳጥኑ ውስጥ እንዲያዩ፣ ካፖርቷንም እንዲለዩት፣ ከሰው ወደ ሰው እየዞረች አሳየች። ዓሣ ነጋዴው ካፖርቱን ለየው። የዚያን ጊዜ አመኗት።

ጠባቂው ደሴቱ ላይ የነበረችውን አይጥ በመጨረሻ ያዛት። ግን የምዕራቡ ዳገት በዚያ ዓመት ጫጩት አላየም። አንዲት ሞኞ የተበላ እንቁላሏን ቅርፊት ታቅፋ ብዙ ቀን እንደተቀመጠች ጠባቂው በሬዲዮ ሲናገር ድምጹ ተቆራርጦበት ነበር አሉ።

አክስቴ ቤታችን የመጣችው ወደቡ ላይ በጮኸች በማግስቱ፣ በምሳ ሰዓት ነው። እናቴ በሩን ከፍታላት ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ሆን ብዬ አልተነሳሁም። አክስቴ በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ለአባቴ ነገረችው፤ ጓዳውን፣ ቀዳዳውን፣ ሳጥኑን። አባቴ እያዳመጠ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ጥጉ የተጋጠ ሳጥን ነው አይደል?» አላት።

አክስቴ ክው አለች። «በምን አወቅህ?»

«ያኔም፣ አይጧ ከመታየቷ በፊት፣ አሮጌዎቹን የሚተኩ የወጥመድ ሳጥኖች ስወስድ አንዱ እንደዚያው ነበር። ጥጉ ተግጦ አይቼዋለሁ። ሳነሳውም ከበድ አለኝ።»

«አይተህ ጫንከው?»

«ካንቺ እጅ ተቀብዬ፣ እታለም? አንቺ ያየሽውን ዕቃ እኔ ደግሜ ልፈትሽ?»

«ኧረ ስመረምርህ ለምን አልነገርከኝም!»

«የደበቅከውን አውጣ አልሽኝ እንጂ ያየኸውን ንገረኝ መቼ አልሽኝ?» አለ አባቴ። ድምጹ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም። «ደግሞም ሳጥኑ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ነበር። ያንቺ ነገር ስለሆነ ነገሬም አላልኩት።»

አክስቴ በሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ለባሏም ተደብቃ ነው ያለቀሰችው። እኔ ይቅር ላልላት ወስኜ ነበር፣ አባቴ ግን ከመቀመጫው ተነስቶ ክንዷን ያዘና ገበታው ጋ አስቀመጣት። አብረን በላን። እኔ እሱን ተናድጄበት ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

አክስቴን ከሥራ አላባረሯትም፤ ያንን ሥራ እንደሷ የሚሠራ የለም። አሁን የወጥመድ ሳጥኖቹም ጠረጴዛ ላይ ይወጣሉ። አባቴ የራሱ ጀልባ ስለሌለው በሌላ ሰው ጀልባ ላይ በጫኝነት ተቀጠረ፤ የደሴቱን ዕቃ ከእህቱ እጅ የሚረከበው እሱ ሆነ። የመጀመሪያ ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። አክስቴ የፈተሸችውን፣ በገመድ ያሰረችውን ሳጥን አቀበለችው። አባቴ ተቀበላት። ከዚያ መሬት ላይ አኖረው፣ ገመዱን ፈታ፣ ክዳኑን ከፈተና አራቱንም ጥግ በጣቱ ዳበሰ። በሕይወቱ የሰው ዕቃ ከፍቶ አያውቅም።

«ጎሽ፣ ወንድሜ። እንዲህ ነው» አለችው አክስቴ።

ቀና ብሎ አላያትም፤ ወደሚቀጥለው ሳጥን እጁን ዘረጋ። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ጀልባው ሲርቅ ግን ክፍሏ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች፤ ባንኳኳም ለረጅም ጊዜ አልከፈተችልኝም።